የሰመጠችውን መርከብ ሳሎን ውስጥ መሥራት

ባለፈው እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ከካልሲዋ ውስጥ የጥርስ መጎርጎሪያ የምታክል ስንጣሪ አውጥታ ቡናዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ሳሎናችን መርከብ መሥሪያ ከሆነ ይኸው ሦስተኛው የበረዶ ወቅት ነው። ስንጣሪው ምንጣፉ ውስጥ ነው፣ ብናኙ መጋረጃው ላይ ነው፣ ኮላው ደግሞ እንዴት እንደደረሰ እንጃ፣ የልጄ የሒሳብ ደብተር ላይ ነው።

የምሠራው ቫሳን ነው። ስቶክሆልም የኖረ ሰው ያውቃታል፤ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ወስደን የምናሳየው እሷን ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ ዳግማዊ አዶልፍ ያሠራት፣ 64 መድፍ የተጫነባት የጦር መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራዋን ዘረጋች፤ 1300 ሜትር ያህል ሄዳ ከከተማው እንኳ ሳትወጣ ሰመጠች። ከ333 ዓመት በኋላ አወጧት። አሁን ዩርጎርደን በሚባለው ደሴት ላይ የራሷ ሙዚየም ተሠርቶላት ቆማለች።

እኔ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በዚያ የሚያልፈውን 67 ቁጥር እየነዳሁ ስንቱን ቱሪስት በሯ ላይ አውርጃለሁ። ራሴ ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ኮልፌ ያደገ ሰው መርከብ ምን ያደርግለታል? እኛ የምናውቀው ውኃ ሐምሌ ላይ የሚሞላውን ወንዝ ነው። ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሄዳ አይታት መጣችና «አባዬ፣ እንጨቱን ብታየው!» አለችኝ። «መድፉን» ብትለኝ አልሄድም ነበር። እንጨት ስትለኝ ግን በትርፍ ቀኔ ይዛኝ ሄደች።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ገብቼ ቀና አልኩ፣ አንገቴ እዚያው ቀረ። ከታች አከርካሪዋ እስከ ምሰሶዋ ጫፍ 52 ሜትር ተኩል ናት። ኋላዋ በቅርጽ የተሞላ ነው፤ አንበሳ፣ ወታደር፣ መልአክ፣ የባሕር ሴት፣ ሁሉም ከእንጨት። ሰዉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ጣውላና ጣውላ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ነው። የአናጢ ልጅ ነኝ። አባዬ ነፍሱን ይማርና ቤት ስንሄድ መጀመሪያ የሚያየው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የበሩን ማጠፊያ ነበር።

እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ ከመርከቧ ጎን አንድ አሥረኛ የሆነች ሞዴል አለች። ሸራዋ የተዘረጋ፣ ቀለሟ የተቀባ። ትልቋ ጥቁር ቡናማ ሆና ቆማ ትንሿ እንደ ሠርገኛ ተኳኩላለች። ከእሷ አጠገብ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም፤ ልጄ ሁለት ጊዜ ርቦኛል አለችኝ።

በዚያው ወር ሎፒስ ላይ፣ ማለትም አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ፣ ያልተጨረሰ የቫሳ ሞዴል በካርቶን አገኘሁ። 400 ክሮነር። አንድ ሰው ጀምሮ ትቶታል። መመሪያው ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፋቸው ቁጥሮች አሉ፤ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ጽሑፉ ይቆማል። ሸሽቶ ይሁን ታሞ አላውቅም። እኔ አሥራ አንደኛው ገጽ ስደርስ ለምን እንደተወው በደንብ ገብቶኛል።

ልኬቱ አንድ ለ75 ነው። የፊቷን ዘንግ ጨምሮ 69 ሜትር የምትረዝመው መርከብ 92 ሳንቲ ትሆናለች፤ ቁመቷ 70 ሳንቲ። ፊቷ ላይ የተወረወረው ሦስት ሜትሩ አንበሳ አራት ሳንቲ ይሆናል። ሰው ቢኖርባት ሁለት ሳንቲ ከምናምን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ አከርካሪ አለ። እሱ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ጎድኖች ይሰካሉ። ከዚያ በጎድኖቹ ላይ ቀጫጭን የሊንደን እንጨት ዝርግ እየታጠፈ ይለጠፋል፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል፣ ስፋቱ አምስት ሚሊ። አፍንጫዋ ጋ ስትደርስ እንጨቱ በአንድ ጊዜ ይታጠፍና ይጠመዘዛል። በደረቁ ከሞከርክ ቀጭ ይልና እጅህ ላይ ይቀራል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ትነክረዋለህ። እኔ የባለቤቴን ረጅም የፓስታ ድስት ነው የተጠቀምኩት፤ እሷ ይህን ስታነብ ነው የምታውቀው። ከዚያ ቀስ እያልክ በጠርሙስ ላይ ትጠቀልለዋለህ፣ በልብስ መቆንጠጫ ታስረዋለህ፣ እስከ ነገ ትተወዋለህ። ሞርሳ እዚህ አይገባም፤ ሞርሳ ያደቀዋል። አንድ ምሽት ሁለት ዝርግ፣ ከግራ አንድ ከቀኝ አንድ። ሦስተኛ ከጨመርክ ተበላሸ ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። የመርከብ ሆድ መሐሉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ነው። ዝርጉ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ወደ ጫፉ እየቀጨጨ እንዲሄድ መላግ አለብህ፤ ካልላግከው አፍንጫዋ ጋ ይደራረባል። የአባዬ ፒያላ፣ ያቺ የእንጨት መላጊያ፣ ለዚህ ሥራ ዝሆን ናት። በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ነው የጨረስኩት። በዚህ ላይ ሁለተኛ ልባስ ዋልነት ይመጣል፣ ከወረቀት ትንሽ ወፈር ያለ። የመጀመሪያው ልባስ ላይ ያጠፋኸውን ጥፋት ሁሉ ሁለተኛው ይሸፍንልሃል ይላል መመሪያው። ውሸት ነው። ያጎላዋል።

ወለሉ ቀላል ነበር፣ ደስም ይላል። የእያንዳንዷን ጣውላ ጠርዝ በእርሳስ ታጠቁርና ትለጥፋለህ። ያ ጥቁር መስመር በእውነተኛው መርከብ ላይ በጣውላዎቹ መሐል የሚጠቀጠቀው ቃጫና ሬንጅ ነው። የልጄ ሥራ ይህ ነበር። ስንት እርሳስ እንደጨረሰች አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ማታ ማታ ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ስለ ሠሪዎቿ አነባለሁ። ዋናው አናጢ ሄንሪክ ሂበርትሶን የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። በ1625 መጀመሪያ ላይ ከንጉሡ ጋር ተዋዋለ፤ አራት መርከብ፣ ሁለት ትልቅ፣ ሁለት አነስ ያለ። መሥሪያው ዛሬ ብላሲሆልመን በሚባለው፣ ከቤተ መንግሥቱ ማዶ ባለው ቦታ ነበር። ለቫሳ ብቻ ከ1000 በላይ የኦክ ዛፍ ገብቷል ይባላል። ሥዕል የለም፣ ፕላን የለም። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ፕላን እንደሌላቸው ማለት ነው፤ ልኩ ጭንቅላት ውስጥ፣ ዕውቀቱ እጅ ላይ።

ከዚያ ጣጣው ይመጣል። ውሉ በተፈረመበት ዓመት መስከረም ላይ ንጉሡ አሥር መርከብ በማዕበል ጠፋበት። ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ነው። ቶሎ በሉ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ልኩ ይቀየር የሚል ደብዳቤ ይመጣል። የሚጫነው መድፍ ዕቅድ ደጋግሞ ተለዋወጠ፤ በመጨረሻ በሁለት ወለል የተደረደረ፣ አብዛኛው የጥይቱ ክብደት ብቻ 24 ፓውንድ የሆነ ከባድ መድፍ ሆነ። በዚህ መሐል ሄንሪክ ታመመ። መርከቧ ተሠርታ ሳታልቅ በ1627 ሞተ። የእንጨቱን ሥራ ምክትሉ ሄይን ያኮብሶን ወሰደ፤ የመሥሪያውን አስተዳደር የሄንሪክ ሚስት ማርጋሬታ ኒልስዶተር ያዘችው። በዚያ ዘመን ሴት!

ይህን ሳነብ ያየሁት አባዬን ነው። አንድ ደንበኛ መጥቶ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን አዘዘው። ለሠርግ ነው፣ ቅዳሜ ይፈለጋል። እግሩና መሠረቱ ከተቆረጠ በኋላ ሰውየው ተመልሶ ባለ አራት በር ይሁን አለ። በሳምንቱ ደግሞ ከላይ የሻንጣ ማስቀመጫ ይጨመርበት። አባዬ ከታች ሳይሰፋ ከላይ አይቆለልም ብሎ ነገረው። «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ታውቅበታለህ» አለው ሰውየው፣ ቀብድ ጨመረለት። ሠሩት። የሠርጉ ማግስት አራቱንም በር አንድ ላይ ሲከፍቱ ቁም ሣጥኑ ወደ ፊት መጣ። ሰው አልተጎዳም፣ መስታወቱ ግን ዱቄት ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ስለ ደንበኛው አይደለም። «የእሱ ቁም ሣጥን ይወድቃል» ነው የተባለው። አባዬ እስከሚሞት ድረስ ያንን ሰውዬ መንገድ ላይ ካየ ማዶ ይሻገር ነበር።

ቫሳም የሆነችው ይኸው ነው። ከላይ ከበደች። ከሆዷ ሥር 120 ቶን ያህል ድንጋይ ተጭኖባት እንኳ አልበቃትም። ድንጋይ ይጨመር እንዳይባል ደግሞ ትወርድና የታችኛው የመድፍ መስኮት ከውኃው ጋር ይገናኛል።

የሚገርመው፣ ያውቁ ነበር። ከመነሳቷ በፊት ካፒቴኑ ሶፍሪንግ ሃንሶን አድሚራሉን ክላስ ፍሌሚንግን ጠርቶ አሳየው። 30 ሰው ከመርከቧ አንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን እንዲሮጥ ተደረገ። አንዴ ሮጡ፣ ተንገዳገደች። ሁለተኛ ሮጡ፣ ባሰባት። ሦስተኛ ሲሮጡ አድሚራሉ አስቆማቸው፤ እዚያው ወደብ ላይ ልትገለበጥ ነበር። ከዚያ ምን አደረጉ? ላኳት። ንጉሡ ጦር ሜዳ ላይ ነው፣ በደብዳቤ ያጣድፋል። አድሚራሉ ንጉሡ አገር ቤት በኖረ ብሎ ተመኝቷል ይባላል። ይህን ዓይነት ስብሰባ እኔም በሥራ ዘመኔ ተቀምጬበታለሁ። ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር የለም።

ቀኑ እሑድ ነበር። ሰዉ ዳር ዳር ቆሞ ያያል። መርከበኞቹ እስከ ደሴቶቹ ድረስ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል። ከአሥሩ ሸራ አራቱ ተዘረጋ። ከሶደርማልም ገደል ሥር እስካለች ድረስ ነፋስ የለም። ትንሽ ወጣ ስትል አንድ ነፋስ መታት፣ ጋደል ብላ ተመለሰች። ሁለተኛው መታት። የመድፍ መስኮቶቹ ለሰላምታ ተኩስ ተከፍተው ነበርና ውኃው በእነሱ ገባ። 32 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ወረደች። 30 ያህል ሰው ሞተ።

ምርመራ ተደረገ፤ ጥፋተኛ የተባለ ግን የለም። ሄንሪክ መቃብር ውስጥ ነው፣ ልኩን ደግሞ ያጸደቀው ንጉሡ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሁለተኛው የበረዶ ወቅት ላይ ልባሱን ጨርሼ መርከቧን ገልብጬ ከኋላ ሳያት ጠማማ ናት። ግራዋ ከቀኟ ወፍሯል። በካሊፐር ለካሁ፣ ሁለት ሚሊ ልዩነት አለው። ጎድኖቹን ስለጥፍ አንዱ ተንሸራቶብኝ ኖሯል። የሁለት ዓመት ማታ! ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አልጋ ሥር ከተትኳትና አንድ ወር ሙሉ አላየኋትም። ያ በእርሳስ ሲጽፍ የነበረው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ያወጣኋት አንድ ነገር ሳነብ ነው። እውነተኛዋም ጠማማ ናት። ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ሲለኳት በግራ ጎኗ ያለው እንጨት ከቀኙ ይበልጣል። ከመርከቧ ውስጥ ደግሞ የሠራተኞች ማስመሪያ ተገኝቷል፤ አራት። ሁለቱ በስዊድን ጫማ ልክ የተከፈሉ ናቸው፣ 12 ኢንች። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ፣ 11 ኢንች። በአንድ መርከብ ላይ! አባዬ አንድ ሠራተኛ ሲቀጥር መጀመሪያ ሜትሩን ከራሱ ሜትር ጋር አጋጥሞ ያይ ነበር፤ አንዳንዱ ሜትር ጫፉ ተበልቶ አንድ ሚሊ ይጎድላል። ያኔ ሰውየውን የሚሰድበው ይመስለኝ ነበር።

ጠማማዋን እንዳለች ተውኳት። ሰው ከጠየቀኝ ታሪኩን ጠብቄ ነው እላለሁ።

ቀለሙም ክርክር ነበረው። መመሪያው አሮጌ ስለሆነ የላይኛው ክፍል ሰማያዊ ይቀባ ይላል። ድሮ እንዲያ ነበር የሚታሰበው፣ ሰማያዊ ላይ ወርቅ። በኋላ እንጨቱ ላይ የቀረውን የቀለም ቅንጣት መርምረው ቀይ ሆኖ አገኙት፣ ቅርጻ ቅርጾቹም በየዓይነቱ ቀለም የተቀቡ። እኔ ቀይ ቀባሁ። ልጄ ሰማያዊው ያምራል ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

ለአንበሳው ግን ከካርቶኑ የመጣውን የብረት ቅርጽ አልተጠቀምኩም። ከአገር ቤት የመጣ የወይራ ዘነዘና ሻንጣ ውስጥ ተሰንጥቆብን ነበር። ወይራ ጠጣር ነው፣ ጥርሱ ደቃቅ ነው፣ ለትንሽ ቅርጽ እሱን የሚያህል የለም። በቁራጩ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንበሳ በግ ሆነ። ሁለተኛውን ልጄ አይታ «ውሻው ጥሩ ነው» አለች። ሦስተኛው አፉ ሲከፈት መንጋጋው ተሰበረ። አራተኛው ነው አሁን ያለው። ከሩቅ ካየኸው አንበሳ ነው።

ምነው ሙሉ ሆና ተገኘች የሚል ሰው አለ። የባልቲክ ባሕር ጨዉ ትንሽ ነው፤ እንጨት የሚበላው የመርከብ ትል እዚያ አይኖርም። አንደርሽ ፍራንሴን የሚባል ሰው ይህን አስቦ በጀልባ እየዞረ በገመድ የታሰረ የብረት መብሻ ወደ ታች ሲጥል ከርሞ፣ በ1956 ጥቁር የኦክ ቁራጭ ወጣለት። ጠላቂዎች በጨለማ ከሥሯ ስድስት ዋሻ ቆፈሩ፣ የብረት ገመድ አሳለፉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1961 ከውኃ ወጣች። እንዳትሰነጣጠቅ 17 ዓመት ሙሉ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሰል ነገር ሲረጩባት ኖሩ። አሥራ ሰባት ዓመት ቫርኒሽ መቀባት በሉት። እኔ በሦስት ዓመት ነው ባለቤቴ የምትቆጣኝ።

አሁን የቀረኝ ገመዱ ነው። ከወለሉ ወደ ምሰሶው የሚያወጣውን የገመድ መሰላል ስንት መቶ ቋጠሮ እንደቋጠርኩበት መቁጠር ትቻለሁ፤ በጉጠት ይዘህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ፣ አንድ በአንድ። ሸራውን በቡና ነከርኩት፤ ጀበናው ላይ የቀረውን አተላ አቅጥኜ። ሻይ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ቡና የማይደፋ ቤት አይደለም ያለኝ።

የመልሕቁ ገመድ ወፍራም መሆን ስላለበት የሱቅ ክር አልሆን አለኝ። የሱቁ ክር ፀጉር የለውም፣ ያብረቀርቃል። እማዬን ደውዬ ፈትል ላኪልኝ አልኳት።

«ጋቢ ልታሠራ ነው?»

«አይ፣ ለመርከብ ገመድ ነው እማዬ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ቀጭን ነው ወፍራም?» አለች።

በእንዝርቷ የፈተለችውን ጥጥ በሰው እጅ ላከችልኝ። ሦስቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ገምጄ አንድ አደረግኳቸው፣ በንብ ሰም አሸሁት፣ ቡና ውስጥ ነከርኩት። የሱቅ ገመድ እንዲህ አይሆንም። ትንሽ ወፈር ይላል፣ ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ልክ በሰው እጅ እንደተገመደ ገመድ።

ትናንት ማታ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን መርከቧ አጠገብ አስጠጋሁላት። መድፉን አሳየኋት፣ አንበሳውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየች።

«የእኔ የቱ ጋ ነው?»

ወደ መልሕቁ ወሰድኩት።

«ጫፉ ተፈትቷል፣ አይታይህም? ቋጥረው እንጂ ልጄ!»

አየሁት። እውነትም ተፈትቷል። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ጉጠቴን ፈለግኩ፤ እሷም እስክጨርስ አልዘጋችም።